ማይኩ ክፍት ነበር

ተማሪዎቼ «ፌደራል» ይሉኝ ነበር። ፊት ለፊቴ አይደለም፣ ከኋላዬ ነው። ገና ከደረጃው ስወርድ ኮቴዬን ሲሰሙ «ፌደራል መጣች!» ተባብለው ይበተናሉ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። አልዋሻችሁም፤ ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

ያኔ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ያረፈደውን፣ የቀረውን፣ ዩኒፎርም ያጓደለውን፣ ስልክ ደብቆ የገባውን ተከታትሎ መቅጣት ሥራዬ ነው። ከዚያ በፊት ለዐሥራ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። እኔ ራሴ በኩርኩምና በስድብ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ልጅ የሚስተካከለው ሲፈራ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ወላጆችም ይወዱኛል። «ቲቸር አዜብ፣ ልጄን አደራ፤ ጠበቅ አድርጊልኝ» ይሉኛል። ጠበቅ አደርግላቸው ነበር።

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አለቀ። እኔ ግን ዛሬም ያለሁት እዚያው ቀን ውስጥ ይመስለኛል።

ሰኞ ነበር። የታኅሣሥ ብርድ ጣት ይቆረጥማል። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ አልቆ፣ እንደ ልማዴ ማይኩን ተቀብዬ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። ያን ሰሞን ከዩኒፎርሙ ሹራብ ውጪ ምንም እንዳይለበስ ተከልክሎ ነበር። ልጆቹ በሰፊ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ስልክ ደብቀው እየገቡ አስቸግረውናል። እኔም በዓይኔ ረድፍ በረድፍ ስሄድ አንዲት ጥቁር ሹራብ የደረበች ልጅ አየሁ። ሁለቱንም እጅጌዎቿን እስከ ጣቶቿ ስባ በመዳፏ ጨብጣቸዋለች።

«አንቺ! ጥቁር ሹራብ የለበስሽው! ነይ ወደ ፊት!»

ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት። ወይም እንዲሆንላት ተመኝታ። ከዚያ ቀስ እያለች መጣች። ቀጭን ናት፣ ዓይኗን ከመሬት አታነሳም።

«ይሄ የትምህርት ቤቱ ሹራብ ነው?»

«አይደለም ቲቸር።»

«አውልቂዋ!»

«ቢሮ ገብቼ ላውልቀው?»

«ቢሮዬ ልብስ መቀየሪያ ነው እንዴ?» አልኩ በማይኩ። ሰልፉ ሳቀ። ሳቁ እንደ ሁልጊዜው ሞቅ አደረገኝ።

«ቲቸር እባክዎት፣ በርዶኝ ነው» አለች፣ እኔ ብቻ እንድሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እጅጌዎቿን ይበልጥ ጨበጠቻቸው። በቃ፣ ስልክ ይዛለች አልኩ በልቤ። ግራ እጇን ያዝኩና እጅጌውን በኃይል ወደ ላይ ሰበሰብኩት።

ስልክ አልነበረም። ከእጅ አንጓዋ ጀምሮ እስከ ክርኗ ድረስ ጠባሳ ነው። የቆየ አለ፣ በቅርቡ የተደረገም አለ። አንዱ እኔ ስስበው መድማት ጀመረ።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ሰከንድ እጅጌውን መልሼ ብሸፍነው ኖሮ፣ ዝም ብዬ ትከሻዋን አቅፌ ወደ ቢሮ ባስገባት ኖሮ፣ ይህንን ታሪክ የሚጽፈው ሰው ሌላ ይሆን ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው። እኔ የለመድኩት መቆጣት ነው።

«እንዴ! ይሄ ምንድነው? ራስሽ ነሽ እንዴ እንዲህ ያደረግሽው?»

ማይኩ አፌ ላይ ነበር። ክፍት ነበር። «ራስሽ ነሽ እንዴ» የሚለው ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ የፎቁን ግድግዳ መትቶ ተመልሶ መጣ። ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። ከኋላ ያሉት ለማየት በእግር ጣታቸው ቆሙ። ከዚያ ማንሾካሾኩ እንደ ዝናብ ከወዲያ ወዲህ ሄደ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን ከእጄ አስለቀቀች፣ እጅጌዋን ወደ ታች ጎተተች፣ ከዚያም በሰልፉ መሃል አልፋ ወደ በሩ ሄደች። አልሮጠችም። ላረፈዱት የተከፈተው በር ገና አልተዘጋም ነበር። ዘበኛው «የት ነው?» ሲላት ሰማሁ። መልስ ሳትሰጠው ወጣች።

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ሰልፉን ቀጠልኩ። «ዝምታ!» አልኩ። ሁለት ልጆች ስኒከር ስላደረጉ አወጣሁ፤ አንዱን ጸጉሩን እንዲቆረጥ አዘዝኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሠራሁ። ከዚያ ማይኩን ለሰልፍ መሪው አቀብዬ ወጣሁ።

ቢሮዬ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ሰሚራ የምትባል የዘጠነኛ ሲ ተማሪ ናት፤ የሁለት ሰው ቦርሳ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ የረድኤት ቦርሳ ነው። ስልኳም የታክሲዋም ብር እዚህ ውስጥ ነው። ምንም ሳትይዝ ነው የወጣችው።»

«ረድኤት ማናት?»

ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ያወጧት ናታ!»

ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም ነበር።

«አብረን ነው የምንቀመጠው» አለች ሰሚራ። «እኔ አውቅ ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። ቲቸር፣ አንድ ነገር ብትሆን የኔ ጥፋት ነው?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። ያን ቀን የተናገርኩት የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ያ ይመስለኛል። «እናቷ የት ነው የምትሠራው?»

«ፒያሳ ኬክ ቤት፤ የቡና ማሽን ላይ ናት።» የኬክ ቤቱን ቦታና የእናቷን ስም ነገረችኝና፣ የረድኤትን ቦርሳ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ሄደች።

የተማሪ ፋይል አወጣሁ። ስም፣ ዕድሜ ዐሥራ አምስት፣ የአባት ስልክ። ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። ፋይሉ ውስጥ የሩብ ዓመቱ ውጤት ነበር፤ ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሃምሳ ስምንተኛ። ያኔ ትዝ አለኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ከየክፍሉ የመጨረሻ የወጡትን አምስት አምስት ልጆች ስም ሰልፍ ላይ በማይክ አንብቤያለሁ። «ይፈሩ፣ ያጠናሉ» ብዬ። ስሟን አንብቤዋለሁ ማለት ነው።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። የሆነውን ሰምቷል። «ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፍና ነገ ትቅረብ» አለኝ። «እንደዚህ ዓይነት ነገር ደግሞ ብዙ አይወራም። የትምህርት ቤቱ ስም አለ።»

«ልጅቷ ወጥታ ሄዳለች እኮ፣ የት እንዳለች አናውቅም።»

«ቤቷ ትገባለች፤ ልጅ አይደለች? ተይው አዜብ፣ ይረጋጋ።»

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ሻርፔን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት እየሮጥኩም እየተራመድኩም ወጣሁት። በየመንገዱ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ወርቅ ቤቶቹ ገና እየከፈቱ ነበር። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። ማሰብ የማልፈልገውን አሰብኩ።

ኬክ ቤቱ የጠዋት ሰው ሞልቶታል። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ሽርጥ የለበሰች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ወተት ታሞቃለች።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ ሳታየኝ።

«የረድኤት እናት ነዎት? ወይዘሮ ሙሉ?»

ቀና አለች። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የትምህርት ቤቱን መታወቂያ አየች። ወተቱ እስኪገነፍል እጇን አላነሳችም።

«አጠፋች እንዴ?»

«አይ… ከትምህርት ቤት ወጥታለች። ወደዚህ መጥታ እንደሆን ብዬ ነው።»

«ረድኤት? ረድኤት ክፍል ጥላ አትወጣም። ምን ሆና?»

«ትንሽ ተከፍታ ነው።»

«ተከፍታ» አልኩ። ያደረግሁትን አልተናገርኩም። ሽርጧን ፈትታ ለጓደኛዋ ሰጥታ ስትወጣ፣ ስለ መጣሁ ብላ አመሰገነችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ መምህር ቢሆን እዚህ ድረስ አይለፋም ነበር» አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ ጊዮርጊስ ሄድን። ረድኤት ስታዝን እዚያ ትቀመጣለች አለች እናቷ። ግቢውን ዞርን። በየዛፉ ሥር፣ በየመቀመጫው አየን። ጧፍ የምትሸጥ ሴት ጠየቅን። አላየችም። ወይዘሮ ሙሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሳልማ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄን ምን አደረጓት?»

ነገርኳት። ሹራቡን፣ እጅጌውን፣ ጠባሳውን፣ ማይኩን። አንዱንም አልተውኩም።

ጨርሼ እስክነግራት ሰማችኝ። ከዚያም፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ስትለኝ የነበረችው ሴት እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ! በማይክ ነው የተናገርሽው? በማይክ?»

«በስልክም ላባቷ ደውዬ…»

«አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው! ለሞተ ሰው ነው ስትደውይ የቆየሽው? መሞቱን ስትመዘገብ መጥቼ ተናግሬያለሁ እኮ። ማን ጻፈው? ማን አነበበው?»

ሰዎች ዞረው አዩን። ሻርፔን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ። መምታት ብትፈልግ ኖሮ አልከላከልም ነበር። እሷ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ድምጿ በድንገት ወረደ።

«እኔም አይቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«እጇን። በመስከረም ልብሷን ስትቀይር አየሁት። ‹ምንድነው?› አልኳት። ‹ድመት ቧጨረችኝ› አለችኝ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ድመት የለንም። ጎረቤትም ድመት የለም። አሃ ብዬ ዝም አልኩ። ደግሜ ብጠይቃት እውነቱን ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያ ተነስተን ፍለጋችንን ቀጠልን። በዚያው መሃል ስለ ረድኤት ያልተጻፈውን ሁሉ ከእናቷ ሰማሁ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አራዳ ነው። ሰፈራቸው ለልማት ሲነሳ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጓደኞቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበተኑ። እሷ ግን የምማረው እዚሁ አራዳ ነው ብላ ሁለት ታክሲ እየያዘች ትመላለሳለች። የምትነሳው ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። አባቷ የሞተው ከቤቱ በለቀቁ በአራተኛው ወር ነው። እኔ ግን በሦስት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ አርፍዳለች ብዬ ሰባት ጊዜ በሩ ላይ አንበርክኬያታለሁ። ሁሉም መዝገቤ ላይ አለ። ቁጥሩ አለ፤ ምክንያቱ የለም።

ሥላሴ እንሂድ አለች እናቷ። ከሰፈር ሳይወጡ በፊት ረድኤት እዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበር። በታክሲ አራት ኪሎ ወርደን በእግራችን ገባን። የዩኒቨርሲቲ ልጆች እየተሳሳቁ ያልፉናል። ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርን። መዘምራኑ የሚለማመዱበት አዳራሽ ተቆልፏል። መቃብሮቹ መሃል ገብተን «ረድኤት! ረድኤት!» እያልን ተጣራን። እናቷ ስትጣራ ድምጿ ይሰበራል። እኔ ስጣራ ደግሞ ድምፄ ያው የሰልፍ ድምፄ ሆኖ ወጣ፤ ስለዚህ ተውኩት።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ወይዘሮ ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቋል። ውኃ ልግዛ ብላት ራሷን ነቀነቀች። ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ፣ ካልሆነም ሆስፒታል እንጠይቅ ልላት ፈልጌ «ሆስፒታል» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ።

ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ስክሪኑን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አልችልም። አንሽው።»

አነሳሁት። የሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

«የረድኤት እናት ነዎት?»

«መምህሯ ነኝ። እናቷ አጠገቤ ናት።»

«ከጤና ጣቢያ ነው የምደውለው። ልጅቷ እኛ ጋ ናት።»

ሌላውን አልሰማሁም። «ናት» ያለችውን ብቻ ያዝኩ። «ነበረች» አላለችም። «ናት» አለች። «አለች!» ብዬ ጮህኩ። ወይዘሮ ሙሉ ደረጃው ላይ ግንባሯን አስነክታ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤታችን የዐሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሙሉ ቀን ከተማውን ስናስስ እሷ እዚያ የካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻዋን እንደገባች የነገረችን የደወለችልን ነርስ ናት። ሁሉ ሲስተር ይላታል፤ እኔም ሲስተር ልበላት። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ተራ ሳትይዝ፣ ምንም ሳትጠይቅ ተቀምጣ አየቻት። አልፋ ተመለሰች፤ አሁንም አለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታያት አጠገቧ ተቀመጠችና «የመጣሽበት ነገር ለመናገር ይከብዳል?» አለቻት። ረድኤት እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች።

ሲስተር ቁስሏን አጥባ አሸገችላት። ሻይና ዳቦ ገዛችላት። የእናቷን ስልክ ግን ረድኤት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አልሰጠችም። «ሥራ ላይ ናት፤ ትደነግጣለች» እያለች።

እናቷ ስትገባ ተቃቀፉ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ረድኤት በእናቷ ትከሻ በኩል አየችኝ።

«እሷ ትውጣ» አለች።

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ በደንብ ስላልተዘጋ ድምፅ ይመጣ ነበር። መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

«ለምን አልነገርሽኝም የኔ እናት?»

«አንቺ ታለቅሻለሽ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ባንቺ ላይ መጨመር አልፈለግሁም።»

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ምን አደረጉሽ?»

«አንድ ነገር አይደለም እማዬ። ሁሉም ነው። ክፍሉ በቴሌግራም ግሩፕ ‹ሃምሳ ስምንት› ነው የሚለኝ። ስሜን አይጠሩኝም። ሲበዛብኝ የምናገርበት ቦታ አጣሁ። አንድ ቀን እሷ ቢሮ ሄጄ ነበር።»

 «እሷ» እኔ ነኝ።

«ከዚያስ?»

«‹የፈቃድ ወረቀትሽስ?› አለችኝ። የለኝም አልኳት። ‹ውጪ፣ ይዘሽ ነይ› አለችኝ። ወጣሁ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ከክፍል የመውጫ ወረቀት ሳይዙ በሬ ላይ የቆሙ ልጆች ብዙ ናቸው። ለሁሉም ያንኑ ነው የምለው። እሷ የትኛዋ እንደነበረች አላስታውስም። ይህ እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ ይከብደኛል፤ አለማስታወሴ።

«እዚህም ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር» ስትል ሰማኋት። «ከበሩ ነው የምመለሰው። ሰው ቢያየኝስ፣ ለትምህርት ቤት ቢናገሩብኝስ ብዬ። ዛሬ ግን ሁሉም ሰው ስለሰማ የምደብቀው ነገር አልቀረም። ስለዚህ ገባሁ።»

ሲስተር ወጥታ አጠገቤ ቆመች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

«ሰው ይየኝ ብላ አይደለም ይህንን የምታደርገው» አለችኝ። «ይየኝ ብትል ኖሮ በዚህ ሁሉ ሹራብ አትሸፍነውም። ውስጧ ያለውን ማውጫ ስታጣ ነው። ጩኸትና ምርመራ አያድናትም። የሚሰማት ሰውና ሕክምና ግን ይረዳታል። አሁን ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ሪፈር እጽፋለሁ፤ ክትትል ትጀምራለች።»

ወይዘሮ ሙሉ ከበሩ ብቅ ብላ «ጠበል ልውሰዳት እንዴ ሲስተር?» አለች በፍርሃት።

«ውሰጃት እናቴ፣ ደስ ካላት ውሰጃት። ቀጠሮዋን ግን እንዳታስቀሪ። ሁለቱም አይጣሉም።»

ሲወጡ ተከትያቸው ደጅ ድረስ ሄድኩ። «ረድኤት» አልኳት። እሷን ራሷን በስሟ ሳናግራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አልዞረችም። እናቷ ግን ዞራ «ቦርሳዋን ለሰሚራ ስጪያት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ረድኤት ወደ ትምህርት ቤታችን አልተመለሰችም። ሰሚራ እንደነገረችኝ ሕክምናዋን ጀምራለች፤ ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ ቤታቸው አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ገብታለች። መልካም ሳምንት አለ፣ መጥፎ ሳምንትም አለ። ዳነች ብዬ ታሪኩን በደስታ ብዘጋላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም።

እኔስ? በሚቀጥለው ሰኞ ሰልፍ ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ዳይሬክተሩን ፈቃድ ጠየቅሁ። ከለከለኝ። «ተማሪ ፊት ይቅርታ የጠየቅሽ ቀን ማን ይፈራሻል?» አለኝ። እኔም ሳይፈቀድልኝ ተናገርኩ። ስሟን አላነሳሁም። «ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላይ፣ በእናንተ ፊት፣ ትልቅ በደል ሠርቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። የመጨረሻ የወጡትን ስም ማንበቤም ጥፋት ነበር» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ማንም አልሳቀም። ለዚህ የተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ አለ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ የእኔ ዩኒት ያልሆነች አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ልጅ በሬ ላይ ቆመች። ወረቀት አልያዘችም። አፌ «የፈቃድ…» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ዋጥኩት። «ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ምንም ሳታወራ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀመጠች። ሰኞ ተመልሳ መጣችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ይዣት የሄድኩት ሲስተር ጋ ነው። ሰኔ እስኪደርስ ሌሎች ሦስት ልጆች መጥተዋል፤ ከነሱ አንዱ ሁሌም አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። እነዚህ ልጆች ከዚያ በፊትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። በየጠዋቱ ፊቴ ይሰለፉ ነበር። እኔ የማየው ሹራባቸውን ነው።

አንባቢዎቼ፣ መምህር ከሆናችሁ ወይም ወላጅ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በልጃችሁ እጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ ቁጣ አይሁን። ሰው አትጥሩበት። ለብቻችሁ ሆናችሁ አጠገቡ ተቀመጡና «ከባድ ነገር እንዳለብህ አይቻለሁ፣ እየሰማሁህ ነው» በሉት፤ ከዚያ አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። እንደ ወይዘሮ ሙሉ መልሱን ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። እንደ እኔም አትጩኹ። እናንተ ልጆች ደግሞ፣ ይህን የምታነቡት እጅጌያችሁን ጨብጣችሁ ከሆነ፣ ከአንዱ በር ብትመለሱ ሌላ በር አንኳኩ። የመለሰቻችሁ ሴት ሞኝ ናት፤ እናንተ ግን ልክ ነበራችሁ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሰሚራን ጠርቼ በእሷ በኩል ለረድኤት መልእክት ላክሁ። ደብዳቤ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ስጽፈው ራሴን የማጽናና እየመሰለኝ ቀደድኩት። «ቲቸር አዜብ በጣም ይቅርታ ትልሻለች በያት፤ ይኸው ነው» አልኳት።

ሰሚራ ከሳምንት በኋላ ሰርተፍኬቷን ለመውሰድ መጣች። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ሰምቻለሁ በያት› አለች። ‹የምመልሰው ግን የለኝም።›»

ልክ ናት አልኩ። የመመለስ ግዴታ የለባትም። ሰሚራን አመስግኜ ሰርተፍኬቷን ሰጠኋት፤ እሷም ተሰናብታኝ ወጣች።